በሰው ወረቀት ላይ ያደረገችው ምልክት

የካቲት 21 ቀን፣ ሐሙስ። አክስቴ በዚህ ቀን ጠዋት ስትሞት የስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ያልተጨረሰ ሥራ ነበር። ለሸሚዝ ኮሌታ ማጠንከሪያ ከሚገባው ደረቅ ጨርቅ የተቆረጠ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ ነው። ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ተከፍተውበታል፤ ጠርዛቸው በክር ተዘምዝሟል። ከመጀመሪያው መስኮት አጠገብ አንድ የክር ቋጠሮ፣ ከሁለተኛው አጠገብ ሁለት ቋጠሮ አለ። ሦስተኛው መስኮት በጠመኔ ተሰምሯል እንጂ አልተቆረጠም። ከእሱ በታች ያለው ባዶ ነው። በመጪው ምርጫ ስንት ሰው እንደሚወዳደር ገና ስላልተነገረ፣ ስንት መስኮት እንደሚያስፈልግ አታውቅም ነበር።

ሊያጽናኑን ከመጡት ሴቶች አንዷ አንስታ አገላብጣ አየችውና «ኪስ ነው?» አለችኝ። ኪስ አይደለም። ምን እንደሆነ መናገር አክስቴ ያፈረችበትን ነገር መናገርን ይጠይቃል።

ሥራዬ መዝገብ መጠበቅ ነው። የሞተ ሰው ታሪክ ሲጻፍ ደግ ደጉ ብቻ ተለቅሞ እንደሚቀር በየቀኑ አያለሁ። አክስቴ እንዲህ ቢደረግባት አትወድም ነበር። ስለዚህ ከራሷ የሰማሁትን ከራሷ፣ ከሌላ ሰው የሰማሁትን ከሌላ ሰው እያልኩ እንዳለ አስቀምጠዋለሁ።

የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች። በመንገዱ በኩል ያለችው የፊት ክፍሏ ሱቋም ሳሎኗም ነበረች፤ በእግር የሚረገጥ መኪና፣ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ ትልቅ መስታወት፣ የተማሪ ዩኒፎርም የተከመረበት ወንበር፣ ከወንበሩ ሥር ሁሌም የምትፈልገው መቀስ። ሜትሩን ከአንገቷ ስለማታወርድ ሰፈሩ «እትዬ ሜትር» ይላታል። ጸሎት ቤት ድረስ ይዛው ሄዳ ከመዘምራኑ አንዷ በጥቅሻ ያስታወሰቻት ጊዜ አለ። ደንበኛ ሲጨቀጭቃት ከንፈሯ ላይ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ ጨርቁ ላይ ትሰካለች፤ አፏ ባዶ ሲሆን ነው የምትመልሰው። «እኔ ወፍረሻል የሚል ቃል አልወጣኝም» ትላለች። «ቀሚሱ ነው አንቺን የከዳሽ።»

ባሏ ቀድሟት ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። በጸሎት ቤቷ የሴቶቹን ጉባኤ የምትመራው እሷ ነበረች። ካለፈው በፊት በነበረው ምርጫ ሰሞን ለሴቶቹ ስለ ምርጫ ያስተማረችውም እሷ ናት። ትምህርቱን ሰምቼዋለሁ። ክርስቲያን ነኝ የሚል ሰው ምርጫ ቀን ቤቱ አይተኛም አለች። ድምፅ እግዚአብሔር በእጃችን ያኖረው አደራ ነው፤ ጎረቤትህን እንደራስህ ውደድ የተባለው በጸሎት ብቻ አይደለም፣ ለጎረቤትህ ውኃ የሚያስገባለትን፣ መንገድ የሚያበጅለትን ሰው አስበህ መምረጥም ነው አለች። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወይዘሮ «እትዬ፣ ጎረቤቴንማ መውደድ አቅቶኝ ነው፤ አሁን ደግሞ ልምረጥላት?» ስትል ሁሉም ሳቁ። አክስቴም ሳቀች። ያንን ሳቅ በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሳዋለች።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከአናጺው ቤት ጀርባ፣ ጋሽ ሴንትራል የምንላቸው ሽማግሌ ይኖራሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ማየት የማይችሉ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው፣ ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ ወጡ። ማዞሪያው ሴንትራል ይባል ስለነበር ስማቸው ከዚያ የቀረ ነው። ሴት ልጃቸው ሌላ ከተማ አግብታ ትኖራለች፤ ስልክ መደወል ትችላለች፣ ትደውላለችም፤ ግን አባቷ ደብዳቤ ስለሚወዱ ትጽፍላቸዋለች። ስልክ ለእሳቸው ሥራ ነበር፤ ደብዳቤ ግን የራሳቸው ነው።

ያንን ደብዳቤ የምታነብላቸው አክስቴ ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ሸፍና ትሻገራለች። ደብዳቤ ካለ ደብዳቤ፣ ከዚያ ጋዜጣ፣ መጨረሻ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ። ስትፈጥን «ቀስ በይ እንጂ፣ ዚፕ እየሰፋሽ ነው?» ይሏታል። የስልክ ወረቀቱን፣ የመብራት ወረቀቱን፣ በር ሥር የተወረወረውን ማስታወቂያ ሁሉ ያስቀምጡላታል። «ዓይኔ መጣች» ይሉ ነበር በሩን ስትከፍት።

ለሰፈራችን ምክር ቤት መቀመጫ ሁለት ሰዎች ብቻ ተወዳደሩ። አንዱ የቆርቆሮና የምስማር ነጋዴ ነበር፤ የአክስቴ ጸሎት ቤት አባል፣ ጣሪያውን ያሠራ፣ ጸሎቱ የሚረዝም ሰው። ምልክቱ ሻማ ነው። ሌላዋ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ ምልክቷ ወንበር። አዋላጇ ጸሎት ቤት አትታይም። «የሚወለደውን ሕፃን የእናንተ ነው የእነሱ ብዬ አልጠይቅም» ብላ በአደባባይ የተናገረችው ብዙ ሰው አስቀይሟል። ነገር ግን በመንገዳችን ዳር ያለውን ክፍት ቦይ አስከድናለሁ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ጋሽ ሴንትራል እዚያ ቦይ ውስጥ ከአንድም ሁለት ጊዜ ወድቀዋል።

ከምርጫው በፊት ባለው እሑድ መጋቢው የማንንም ስም አልጠሩም። ብርሃንን ምረጡ ብቻ አሉ። ስም መጥራት አላስፈለገም፤ በየወንበሩ ላይ ሻማ የታተመበት ወረቀት ተቀምጦ ነበር።

አክስቴ በዚያ ሳምንት ጾማ እንደጸለየች ነግራኛለች። የራሷን ምርጫ የወሰነችው ከልቧ ነው፤ በእሱ አፍራ አታውቅም። ያፈረችው በሌላው ነው።

ማየት የማይችል መራጭ የሚያምነውን ሰው ይዞ መግባት ይፈቀድለታል። ጋሽ ሴንትራል ይዘው የገቡት እሷን ነው። ለዚያ ቀን ኮታቸውን ያስተኮሷት አንድ ቀን ቀድመው ነበር። ጠዋት ክንዷን ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። ሰልፉ በግቢው ተጠማዞ እስከ በሩ ደርሷል።

«እትዬ ሜትር፣ እስኪ ይቺን ሰልፍ ለኪልን» አለች ከፊታቸው የቆመች ሴት።

«ብለካት ታጥርልሻለች?»

«የእኔን ቀሚስ ስትለኪው አጥሯል እኮ!»

ጋሽ ሴንትራል ሳቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አክስቴን «ወንበሯን ነው የምታደርጊልኝ» አሏት በሹክሹክታ።

«ወንበር?» አለች፤ ሻማ የሚሉ መስሏት ነበር። እሳቸውም እኮ አማኝ ናቸው።

«ሻማ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ወንበር ቢያንስ ይቀመጡበታል» አሉና በራሳቸው ቀልድ ተደሰቱ።

የምርጫው ክፍል የአንደኛ ክፍል መማሪያ ነበር። ዴስኩ ላይ በካርቶን የተሠራ መከለያ፣ በገመድ የታሰረ እስክሪብቶ። ቀጥሎ የሆነውን እንደነገረችኝ እጽፋለሁ። ወረቀቱን ዘረጋች። ሻማው ከላይ ነው፣ ወንበሩ ከታች። እስክሪብቶውን ወንበሩ ላይ አደረሰችው። እዚያው ላይ ቆመች። አሁን ለአንዲት ቦይ ብለው፣ አለች በልቧ፤ ቢያውቁ ኖሮ እንዲህ አያደርጉም፤ ለራሳቸው ደግ ላድርግላቸው። እጇ ወደ ላይ ሄደ። ሻማው ላይ ምልክት አደረገች።

«አደረግሽው?»

«አዎ ጋሼ።»

ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው አጠፉት። የሳጥኑን ቀዳዳ በጣታቸው ፈልገው ራሳቸው ከተቱት። «ተመስገን» አሉ ጮክ ብለው፤ አስፈጻሚዎቹ ፈገግ አሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ እሳቸው ሲያወሩ እሷ ዝም ብላ ነበር። ምነው አሏት። ፀሐዩ ነው አለቻቸው።

በማግስቱ ውጤቱ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ጋሽ ሴንትራል ወስደሽኝ አንብቢልኝ አሏት። ነጋዴው በሰፊው አሸንፏል፤ ወንበሯ ያገኘችው አርባ አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አክስቴ ይህን በትክክል አነበበችላቸው።

«አርባ አንድ?» አሉ ሽማግሌው። በሽንፈቱ የከፋቸው አይመስሉም። ሰው በተሰበሰበበት፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «ግድ የለም። ከአርባ አንዷ አንዷ የኔ ናት» አሉ።

አክስቴ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰላም አላገኘችም።

ይህ በሥራዋ ላይ ታየ። የአንዱን ሸሚዝ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። የሌላውን ሱሪ አንድ እግር አሳጠረች። ባለቤቱ ለብሶት መስታወቱ ፊት ቆመና «እትዬ፣ ይቺን የሰፋሽልኝ ለቦዩ ነው? አንድ እግሬን ውስጥ፣ አንድ እግሬን ውጭ አድርጌ ልቆምበት?» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምላሹን ታውቅበታለች። ያን ቀን ሱሪውን ተቀብላ አንገቷን ደፍታ መተርተር ጀመረች። ቅዳሜ ሲመጣ ራሴን አሞኛል ብላ ላከች። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። ጋሽ ሴንትራል በአናጺው እጅ የራስ ምታት ክኒን ላኩላት። ክኒኑን ልትጥለውም ልትውጠውም አልቻለችም።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ መጋቢው ነው። ከጉባኤ በኋላ፣ ወንበሮች በሚደረደሩበት ጓዳ ውስጥ አነጋገረቻቸው። መጋቢው በዕድሜ ከእሷ ያንሳሉ፤ ክፉ ሰው አይደሉም።

«ልብዎ ንጹሕ ነበር እትዬ።»

«ልቤ ንጹሕ ቢሆን አዎ ብዬ አልዋሻቸውም ነበር።»

«አንድ ድምፅ ነው። ባይኖርም ወንድማችን ያሸንፍ ነበር። ምንም የተለወጠ ነገር የለም።»

«የሳቸውስ?»

መጋቢው ትንሽ አሰቡ። «ለእኚያ ሽማግሌ መንገር ማቁሰል ነው» አሉ። «ንስሐ ገብተዋል፤ እግዚአብሔር ሰምቷል። በዚህ ይብቃ። ወሬው ቢወጣ ደግሞ ጉባኤውን ነው የሚያሰድበው፤ ያውቁታል።»

አክስቴ ቀለል ብሏት ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ቀለል ስላላት አፈረች። «ይቅርታውን ከሌላ ሰው ቤት ነው የለመንኩት» አለችኝ በኋላ። «የበደልኩት ሰውዬ እኮ ከበሬ ፊት ለፊት ነው ያለው። መንገድ መሻገር አቅቶኝ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተሻገረች። የሚከተለውን ከሁለቱም ሰምቻለሁ፤ የሁለቱ ቃል በምንም አይለያይም።

«ዓይኔ መጣች!» አሉ። «ራስሽ ተሻለሽ? ደብዳቤ መጥቷል፤ አላስነካሁትም።»

«ጋሼ፣ ከማንበቤ በፊት የምነግርዎ አለ።»

«ምነው፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። የምርጫው ቀን... ወንበሩ ላይ አላደረግሁትም። ሻማው ላይ ነው ያደረግሁት።»

ሽማግሌው ወዲያው አልገባቸውም። ተሳስታ የሆነ መሰላቸው። «መነጽርሽን ሳትይዢ ነበር?» አሏት።

«አይደለም። እያየሁ ነው። አውቄ ነው።»

ከአናጺው ግቢ የመላጊያ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«አደረግሽው ወይ ስልሽ አዎ አልሽኝ።»

«ዋሽቼ ነው።»

«በሥራዬ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ «ሰው መስመር ላይ ሲዋሽ ከትንፋሹ አውቅ ነበር። የስንቱን ባል፣ የስንቱን ነጋዴ። አንቺን ግን አዳምጬሽ አላውቅም። ምን ቆርጦኝ! አንቺን የማዳምጠው የምታነቢውን ለመስማት ነው።»

አክስቴ ማልቀስ ጀመረች። ለእግዚአብሔር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር አለች።

«እግዚአብሔር የእኔን ድምፅ ቢፈልግ እኔን ይጠይቀኝ ነበር። ስሜንም ቤቴንም ያውቀዋል። እሱ ምረጥ ብሎ የለቀቀኝን አንቺ ማን ነሽና ትይዢኛለሽ?» ከዚያ እጃቸውን ወደ ጠረጴዛው ሰደው ያልተከፈተውን ደብዳቤ ዳሰሱ። ድምፃቸው ተለወጠ። «ደብዳቤዎቹስ?»

«ምን?»

«የልጄ ደብዳቤዎች። 'አባዬ፣ ናፍቀኸኛል፣ ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ' የሚለው። እሷ ናት የጻፈችው ወይስ ደግ ላድርግለት ብለሽ አንቺ ነሽ?»

አክስቴ ይህ እንደሚመጣ አላሰበችም ነበር። ስትነግረኝ ሁሌም እዚህ ላይ ትቆማለች። ለእሷ አንድ ምልክት ነበር፤ ለእሳቸው ያነበበችላቸው ዓመታት ሁሉ ነው።

«በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ...»

«አትማዪ። መሐላሽን ምን ላደርግበት?» አሉ። «አሁን ሂጂ።»

ደብዳቤውን እንደታሸገ ትታ ወጣች።

ከሰዓታት በኋላ ሽማግሌው አናጺውን አስጠሩት። የደብዳቤዎቹን ካርቶን ከአልጋ ሥር አውጥተው ከመጀመሪያው ጀምር አሉት። አናጺው የሚያነበው እንደ ተማሪ ጮክ ብሎ፣ ፊደል እየቆጠረ ነው። መስኮቱ ክፍት ነበር። አክስቴ መንገዱ ማዶ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯ ሳይረግጥ፣ ሁሉንም ሰማች። እሷ ያነበበችላቸው ደብዳቤ ሁሉ፣ ቃሉ ሳይጎድል፣ በሻካራ ድምፅ እንደገና ይነበብ ነበር። በማግስቱም ቀጠሉ። አንድም የተለወጠ አልተገኘም። ይህን ግን ማንም መጥቶ አልነገራትም፤ እሷም ይነገረኝ ብላ አልጠበቀችም።

የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ወደነበረው መምህርም ሄደች። ሳጥኑ ታሽጎ ሄዷል፣ ወረቀቱ ከወረቀት አይለይም አላት። የተናገረችውን አስፈርሞ ተቀበለና ከእንግዲህ ረዳት ሆነሽ ከማንም ጋር አትግቢ አላት። «ልክ ነህ» አለችው። የዚያን ያህል ቀላል መሆኑ ደግሞ ሌላ እፍረት ሆነባት።

ከባዱ የሴቶቹ ጉባኤ ነበር። መጋቢው የለመኗትን ዝምታ አልጠበቀችም። ተነሥታ፣ ባስተማረችበት ቦታ ቆማ፣ ያደረገችውን ነገረቻቸው። አደራ ነው ብዬ አስተምሬያችሁ የሰው አደራ በላሁ አለች። አንዳንዶቹ አለቀሱ። አንዳንዶቹ እንዲህ ያለውን በአደባባይ ምን አስወራት በሚል ፊት ተያዩ። ከዚያ አንዲት ወጣት ሚስት፣ ልታጽናናት ፈልጋ፣ እየሳቀች ተናገረች።

«ውይ እትዬ፣ ለዚህ ነው እንዲህ የሆኑት? እኔማ ለእናቴም ለአማቴም ሻማ ነው ያደረግሁላቸው። እነሱ ምን ያውቃሉ ብዬ!»

ሌላዋ ቀጠለች፤ «እኔም ለአያቴ...» አለችና አላጨረሰችውም።

አክስቴ ያን ጊዜ ያየችው ፊት በሙሉ በምርጫው ቀን ሽማግሌና አሮጊት ደግፎ የሄደ ሰው ፊት ነው። ያስተማረቻቸው እሷ ናት፤ አትቅሩ፣ አቅመ ደካሞችን ይዛችሁ ኑ ያለቻቸው እሷ ናት። እጃችሁን ከወረቀታቸው ላይ አንሡ ማለትን ግን አላስተማረችም። የሴቶቹን ጉባኤ መምራት በዚያው ቀን ተወች። መጋቢው በር ላይ ቆመው ሰምተው ነበር፤ በሚቀጥለው እሑድ ስለዚህ አንድም ቃል አልተናገሩም። ከዓመት በላይ ቆይተው ነው፣ በሌላ ምርጫ ዋዜማ፣ በየወንበሩ ላይ ወረቀት እንዳይቀመጥ የከለከሉት። ከእሷ ሰምተው ይሁን ከራሳቸው፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

ነጋዴው ሥራውን ጀመረ። ቦዩ እስከ ግማሽ ተከደነ።

ሽማግሌው አክስቴን እንደገና ያስጠሯት ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው። ከበሩ ላይ «ዓይኔ» አላሏትም፤ ከዚያ በኋላም ብለዋት አያውቁም። ተቀመጪ አሏት። «አናጺው ሲያነብ ያደክመኛል። አንቺ ታነቢያለሽ። ካነበብሽ በኋላ ሌላ ሰው ደግሞ ያነብልኛል። በዚህ ትስማሚያለሽ?»

«እስማማለሁ ጋሼ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲሁ ሆነ። የመብራት ወረቀት እሷ ታነባለች፤ ከዚያ ወረቀቱን ያመጣው ሠራተኛ ያነባል። ደብዳቤ እሷ ታነባለች፤ ከዚያ የአናጺው ሚስት ታነባለች። ሰው ፊት ነው፤ የሚያውቃትም የማያውቃትም ፊት። መጀመሪያ አካባቢ ፊቷ በእሳት እንደተጠበሰ ይቀላ ነበር። ቆይታ ሁለተኛውን አንባቢ ራሷ መፈለግ ጀመረች። መንገደኛ ታስቆምና «እባክህ ወንድሜ፣ ይህቺን አንብብላቸው፤ እኔ አንብቤላቸዋለሁ፣ ያንተን ደግሞ ይፈልጋሉ» ትላለች። ሰውየው ግራ ይገባዋል። እሷ አታስረዳም።

ያ ደረቅ ጨርቅ የመጣው ከዚህ ኑሮ ነው። ማንም ይዟቸው ምርጫ ክፍል ቢገባ ያው ማመን ነው፤ ስለዚህ ማንንም ሳያምኑ ምልክት የሚያደርጉበት ነገር ልሥራላቸው አለች። ወረቀቱ ላይ የሚጋደም፣ በየተወዳዳሪው ቦታ መስኮት ያለው፣ ቋጠሮውን በጣት ቆጥረው የሚያውቁት። ረዳቱ የምልክቶቹን ተራ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ ያነባል፤ ከዚያ ጀርባውን ይሰጣል። የመጀመሪያውን ሠርታ ስታመጣላቸው ሽማግሌው ዳስሰው «እንዴ፣ ለእስክሪብቶዬ ቀሚስ ሰፋሽለት?» አሉ። ሞከሩት፤ ምልክታቸው ከመስኮቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። አስፍታ ሠራች። ጠርዙ ጣታቸውን ቧጨራቸው፤ ዘመዘመችው። ቀጣዩ ምርጫ እስኪደርስ ስንቱን ቆርጣ እንደጣለች አላውቅም። በቀኑ ይዘውት ገቡ። አናጺው ተራውን አንብቦላቸው ጀርባውን ሰጠ። የቱን እንደመረጡ እስካሁን ማንም አያውቅም። አክስቴ በዚያ ቀን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆማ ትጠብቅ ነበር፤ ሲወጡም አልጠየቀቻቸውም። ለመጪው ምርጫ ግን ሌሎችም ስለፈለጉት እንደገና መቁረጥ ጀምራ ነበር።

ከሞተች በኋላ ሄጄ ሽማግሌውን ጠይቄያቸዋለሁ። ይቅር ብለዋት ነበር ወይ አልኳቸው። «ገና በዓመቱ» አሉኝ። «ነግሬያታለሁም።» ታዲያ ሁለተኛውን አንባቢ ለምን አልተዉትም ነበር ስላቸው፣ «ሞክሬ ነበር ልጄ» አሉ። «ሳትሰማ ለብቻዬ ስንት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም። እሷ ደግሞ አንድም ቀን ተዉት ብላ አልለመነችኝም።» ይህን ሲናገሩ እሳቸው ነበሩ ያፈሩት።

ረቡዕ ጠዋት፣ ከመሞቷ በፊት በነበረው ቀን፣ መድኃኒታቸው አልቆ ስለነበር ፋርማሲ ወሰደቻቸው። ይህን የሰማሁት ከፋርማሲዋ ባለሙያ ነው። አክስቴ ደረጃውን ስትወጣ ቆም ብላ ትንፋሿን ሰብስባለች፤ ከዚያ በቀር ባለሙያዋ የተለየ ነገር አላየችባትም። መድኃኒቱ ሲመጣ መነጽሯን አድርጋ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ በኋላ።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ባለሙያዋ መለሱ። «ልጄ፣ አንቺም አንብቢልኝ።»

«አሁን አነበቡልዎት እኮ አባባ።»

«አንብቢላቸው የኔ ልጅ» አለች አክስቴ፣ ካርቶኑን በመስኮቱ መልሳ እያቀበለች። «ልክ ናቸው።»

ባለሙያዋ አነበበች። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ በኋላ። ሽማግሌው መድኃኒቱን ተቀብለው የኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። አክስቴ ክንዷን ሰጠቻቸው፤ ደረጃውን ወረዱ፤ ቤታቸው አድርሳቸው፣ ውኃ ቀድታ አጠገባቸው አስቀምጣ፣ የጠዋቱን ክኒን ሲውጡ ጠብቃ ወጣች።